የጊምቢ ድርሻ

ሶፊያ፣ ኅዳር 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

አባባ፣

እንደምን ሰንብተዋል? የእማዬ ጉልበትስ እንዴት ሆነ? ይህን ሲያነቡላት ድምፅዎን ከፍ ያድርጉ። ባለፈው "አባትሽ ሲያነብ ያልጎመጉማል፣ ግማሹ አልተሰማኝም" ብላ በጎረቤት እጅ አስጽፋ ከሳዎታለች። እኔ ደኅና ነኝ። ብርዱ ጀምሯል፤ ቋንቋው ግን ከዓምናው በጣም ይሻለኛል።

የቋንቋው ዓመት አልቆ ዋናውን ትምህርት፣ የከተማ ጥናትን ጀመርን። አሥራ አራት ነን። አምስቱ የአገሩ ልጆች ናቸው፤ ሌሎቻችን ከቬትናም፣ ከአንጎላ፣ ከኩባ፣ ከደቡብ የመንና ከሶሪያ የመጣን ነን። መምህራችን ሸምገል ያሉ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ቀን ምን አሉን መሰለዎት? "እናንተ አትከፍሉም ማለት ትምህርቱ በነጻ ነው ማለት አይደለም። ለእያንዳንዳችሁ የከፈለ ሰው አለ። ማን እንደሆነ ሳታውቁ ከዚህ እንዳትወጡ።" ከዚያ ከየት እንደመጣንና እንዴት እንደተመረጥን በየተራ እንድንናገር ጠየቁን። የቬትናሟ ልጅ ከመንደሯ ትምህርት ቤት የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። የአንጎላው ልጅ አባቱ በጦርነት ሞቶበት ነው የተመረጠው።

ተራዬ ሲደርስ መዝገቡን አዩና "የሻረግ በድሉ፤ ከወለጋ ክፍለ ሀገር፣ ከጊምቢ አውራጃ" ብለው አነበቡ። ሳቅሁ። "አይደለም፤ እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ የልደታ" አልኳቸው። እሳቸው አልሳቁም።

"ይህ ቦታ የተሰጠው ከዋና ከተማው ውጭ ላለ ተማሪ ነው" አሉኝ። "እዚህ ክፍል የዋና ከተማ ልጆች ብቻ ቢሰበሰቡ፣ ከተማ የሚባለውን ነገር ግማሹን ብቻ ታያላችሁ። አገርሽም በዚህ ተስማምታ ፈርማለች።"

የታይፕ ስህተት ነው ብዬ ተቀመጥኩ። እርስዎ ተማሪ ወደ ውጭ በሚልከው መሥሪያ ቤት ነዎትና እባክዎ ያስተካክሉልኝ። ጊምቢን እኮ በካርታ ፈልጌ ነው ያገኘኋት። ዘንድሮ ከሌላ ከተማ ተዛውሮ የመጣ፣ ደን የሚያጠና ሂርጳ የሚባል የጊምቢ ልጅ አለ። የአገርህ ልጅ እዚህ አለች ሲሉት ሮጦ መጥቶ በኦሮምኛ ሰላም አለኝ። መመለስ ሲያቅተኝ ሁለታችንም አፈርን።

እማዬን ይሳሙልኝ።

የሻረግ

ልደታ፣ ጥር 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ልጄ የሻረግ፣

ደብዳቤሽ የገና ዋዜማ ደረሰን። እናትሽ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ጉልበቷ ተሽሏት አሁን አብነት ሰፈር ድረስ በእግሯ ሄዳ ትመለሳለች። በደጃችን የሚያልፈውን ቦይ ቀበሌው በዘመቻ አስጠርጎታል። እኔም ሁለት እሑድ አካፋ ይዤ ወጥቼ ወገቤን ያመኛል፤ ሌላ ምንም አልሆንኩም።

ስለ መዝገቡ የጻፍሽውን ለእናትሽ አላነበብኩላትም። ዘለልኩት። በጽሕፈት ሥራ ላይ ብዙ ነገር ይደርሳል። ለመምህሯም ሆነ ለማንም ደግመሽ እንዳታነሺው። መዝገብ አንዴ ከተነካ ማን ጋ እንደሚደርስ አይታወቅም። ከዚያ ከሂርጳ ጋርም የእግዜር ሰላምታ ይበቃችኋል።

ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ጉዳይ ካለሽ በቤት አድራሻ አትላኪ። በመሥሪያ ቤቱ ፖስታ ሣጥን፣ በስሜ አድርጊው።

የጠየቅሽኝን እንዳልመለስኩልሽ አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝና ትምህርትሽ ላይ በርቺ።

አባትሽ በድሉ ገብረጊዮርጊስ

ሶፊያ፣ የካቲት 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

አባባ፣

እንዳሉኝ በፖስታ ሣጥኑ ልኬያለሁ። ሰላምታውን ስላሳጠርኩ አይቀየሙኝ።

ሂርጳን አልሸሸሁትም። ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ አንድ ፎቶግራፍ አሳየኝ፤ የጊምቢ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። መሐል የቆመውን ረጅም ልጅ በጣቱ ነካና "ይህ ኦልጅራ ኢታና ነው፤ የሁላችን አንደኛ" አለኝ። "ከገበያው የሚወርደው ጎርፍ የሰው ቤት እንዳይገባ ቦዩ በየት ማለፍ እንዳለበት ሥሎ ለማዘጋጃ ቤቱ የሰጠ ልጅ ነው። ለከተማ ጥናት የተመረጠው እሱ ነበር። ስሙ አውራጃው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ በዓይኔ አይቻለሁ።"

"ታዲያ የት ቀረ?" አልኩት።

"ሳጥኑን ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ስምህ የለም ብለው መለሱት። እኔ ከመጣሁ በኋላ ነው ከቤት የጻፉልኝ።"

ምግቡን ገፋ አደረግሁት። እሱ ደግሞ ሳህኔን እያየ "ቀዝቅዞብሽ ነው?" ይለኛል።

አባባ፣ ያን ሐሙስ አስታውሳለሁ። ኮትዎን ሳያወልቁ በሩ ላይ ቆመው "አልፈሻል" አሉኝ። እማዬ እልል አለች፤ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። እኔ ግን ዝርዝሩን አላየሁትም። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ተጠባባቂ ነሽ ብለውኝ ነበር። ተጠባባቂ የሚገባው ሌላ ሰው ሲቀር ነው። የቀረው ማን ነው?

ስሙን ሂርጳ ነግሮኛል። እኔ ከእርስዎ አፍ መስማት ነው የምፈልገው። እውነቱን ይጻፉልኝ።

የሻረግ

ልደታ፣ መጋቢት 25 ቀን 1976 ዓ.ም.

ልጄ፣

ይህን የምጽፈው በምሳ ሰዓት፣ ባልደረቦቼ ሲወጡ ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

የቀረው ኦልጅራ ኢታና ነው። ያስቀረሁትም እኔ ነኝ።

ዝርዝሩን በታይፕ የምጽፈው እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። የአዲስ አበባ ድርሻ ሞልቶ አንቺ ሁለተኛ ተጠባባቂ ነበርሽ። ከጊምቢ ደግሞ የልጁ የጤና ምርመራ ወረቀት በቀኑ አልደረሰም። ኃላፊው ለስብሰባ ሲወጡ "ያልተሟላ ካለ በተጠባባቂ ተካ" ብለውኝ ሄዱ። መተካት የነበረብኝ ከዚያው ከአውራጃው ነው። የሚቀጥለው ልጅ ስም ፊቴ ነበር። ያንቺን ስም ጻፍኩ። አውራጃውን ብለውጠው ድርሻው ስለሚፋለስ "ጊምቢ" የሚለውን እንዳለ ተውኩት። ኃላፊው ተመልሰው ሳያነቡ ፈረሙ።

የጤና ወረቀቱ በአራተኛው ቀን መጣ። በዝናብ መንገድ ተቆርጦ ነው የዘገየው፤ የአውራጃው ደብዳቤ ላይ ተጽፏል። ዝርዝሩ ገና ከመሥሪያ ቤቱ አልወጣም ነበር። ወረቀቱን መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት።

ልጁ በነሐሴ መጨረሻ መጣ። መስኮቱ ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ኮቱ ይሰፋዋል፤ የተዋሰው ይመስለኛል።

"ስሜ ኦልጅራ ኢታና ነው ጋሼ። ለቡልጋሪያ።"

"የለም" አልኩት።

"እባክዎ እንደገና ይዩልኝ። ምናልባት በዐይኑ 'ዖ' ጽፈውት እንደሆነ።"

ማስመሪያ አነሣሁና ከላይ እስከ ታች እያስኬድኩ ፈለግሁለት። እንደሌለ እያወቅሁ። "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎኝ ወጣ። በማግሥቱም መጣ። በሦስተኛው ቀን አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሳየው አላስችል አለኝና አብነት ወስጄ ምሳ አበላሁት፤ አውቶቡስ ተራ ድረስም ሸኘሁት። ሊሳፈር ሲል ጉልበቴን ለመሳም ጎንበስ አለ።

ከዚያ ወዲህ የት እንዳለ አላውቅም። ጠይቄም አላውቅም። እናትሽ ምንም አልሰማችም።

ምክንያቴን ልጽፍልሽ ፈልጌ ነበር። ወረቀት ላይ ሳየው ለራሴም ምክንያት አልመስል አለኝ።

አባትሽ

ሶፊያ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1976 ዓ.ም.

አባባ፣

ደብዳቤዎን ኮሪደር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ክፍል አልገባሁም። ትራም ላይ ወጥቼ መጨረሻው ድረስ ሄድኩ፤ ተመለስኩ፤ እንደገና ሄድኩ። ቲኬት ተቆጣጣሪዋ "የት ነው የምትወርጂው?" ስትለኝ "መጨረሻው" አልኳት። እዚያ ደርሰንም ስላልወረድኩ ታማለች ብላ ከጎኔ ተቀመጠች።

ከሁሉም ያልለቀቀኝ ማስመሪያው ነው። ስምን ማጥፋት አንድ ነገር ነው። ያጠፉትን ስም ባለቤቱ ፊት ቁጭ ብሎ መፈለግ እንዴት ይቻላል? ያን ያደረጉት እርስዎ ነዎት ብዬ ለራሴ ስነግረው አሁንም አላምንም።

ከሂርጳ ጋር በአንድ ጠረጴዛ እበላለሁ። ምንም አልነገርኩትም።

የምጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። ያግኙት። በሕይወት መኖሩንና ያለበትን እስኪጽፉልኝ ድረስ ከእኔ ደብዳቤ አይጠብቁ።

የሻረግ

ልደታ፣ ኅዳር 2 ቀን 1977 ዓ.ም.

ልጄ የሻረግ፣

ስድስት ወር ዝም ስትይ እናትሽ ታመሽ መስሏት ለልደታ ተሳለች። ምን ላድርግ? ባዶ ወረቀት ይዤ "ከሶፊያ የመጣ ነው" እያልኩ አነበብኩላት። ብርዱን፣ ትምህርቱን፣ ሰላምታውን ሁሉ ከራሴ እየፈጠርኩ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርጌያለሁ።

ዝናቡ ሲያባራ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ጊምቢ ሄድኩ። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። አባቱን አቶ ኢታናን ማሳቸው ላይ አገኘኋቸው። ከየት መሥሪያ ቤት እንደመጣሁ ስነግራቸው ፊታቸው በራና ሚስታቸውን ጠሩ።

"ያ በመስኮቱ የተቀመጠው ሰው እርስዎ ነዎት? ልጃችን ምሳ አብልቶኝ አውቶቡስ ድረስ የሸኘኝ ደግ ሰው አለ ብሎ ነግሮናል። ስምዎን ባያውቅም እስከ ዛሬ ስንመርቅዎት ነው የኖርነው" አሉኝ።

ምግብ ቀረበ። አልጎረስኩም። ተነሥቼ ቆምኩና ነገርኳቸው። አቶ ኢታና አማርኛ ይሰማሉ፤ ሚስታቸው ግን አይሰሙም። የተናገርኩትን በኦሮምኛ መልሰው እስኪነግሯቸው ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ። ሴትዮዋ ተነሡ፣ ምግቡን ከፊቴ አንሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። አልተመለሱም።

አቶ ኢታና "ልጅዎ ታውቃለች?" አሉኝ።

"አሁን አውቃለች።"

"እንግዲህ እሷም ትሸከመዋለች" አሉ። ስለ ልጃቸው የነገሩኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ኦልጅራ ከዚህ ከተመለሰ በኋላ የቀበሌ ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል። ባለፈው ግንቦት በመጀመሪያው ዙር ብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ሄደ። ወደ ሰሜን መላኩን በነሐሴ ጽፎላቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። አባቱ የጦር ክፍሉን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። በዚያ ቁጥር ሁሉንም ጽፌ፣ የቤታችንን አድራሻም ጨምሬ ልኬለታለሁ።

ስመለስ ጥፋቴን ዘርዝሬ ማመልከቻ ጻፍኩና ለኃላፊው ሰጠሁ። አነበቡትና በሩን ዘጉት።

"አቶ በድሉ፣ ምን ነካህ?"

"የሠራሁትን ነው የጻፍኩት" አልኳቸው።

"ያንተ ብቻ መሰለህ? በዚያ ዓመት ለክፍለ ሀገር ዘጠኝ ቦታ ተሰጠ። የክፍለ ሀገር ልጅ የሄደው በስንቱ ነው? በሁለቱ።" ማመልከቻዬን አራት ላይ ቀደዱት። "ያንተዋ እኮ ፈተናውን ወስዳለች። ያልተፈተኑም አሉበት። ሂድና ሥራህን ሥራ።"

የተቀደደውን ወረቀት ለቅሜ ወጣሁ። ሰባቱንም ስም በታይፕ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከእኔ በቀር ያጠፋ ያለ አልመሰለኝም ነበር።

አባትሽ

ሶፊያ፣ ጥር 15 ቀን 1977 ዓ.ም.

አባባ፣

ደብዳቤዎን ሳነብ ባዶ ወረቀት ይዘው ያነበቡላት ቦታ ላይ ስደርስ አቆምኩ፤ የቀረውን በማግሥቱ ነው የጨረስኩት። እማዬ ጣቷን አገጯ ላይ አድርጋ ስትሰማ ታየችኝ። እባክዎ ይንገሯት።

ለሂርጳ ነገርኩት። አልጮኸብኝም። ማንኪያውን አስቀመጠና "ፎቶግራፉን ሳሳይሽ ምን አስበሽ ነበር?" አለኝ። እንዳላወቅሁ፣ ከዚያ በኋላም ዓመት ሊሞላኝ እስኪል ዝም እንዳልኩ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ የሚበላው ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከዚያ መምህራችን ዘንድ ሄድኩ። መዝገቡ ይውጣልኝ አልኳቸው። ጊምቢ የሚለውን ሰርዤ "አዲስ አበባ፣ ልደታ" ብዬ በእጄ ጻፍኩበት። "ይህን ማድረግሽ ምን እንደሚያመጣ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። ቦታው የእኔ ስላልሆነ ዓመቱ ሲያልቅ ልለቅ ነው። ለእርስዎ መሥሪያ ቤት በጤና ምክንያት ተመለሰች ብለው እንደሚጽፉ ነገሩኝ፤ የእርስዎን ስም አልጠራሁም። ቦታው ግን የጊምቢ እንደሆነ እንዲቆይ ለመንኳቸው። ይህንንም ጨምረው እንደሚጽፉ ቃል ገቡልኝ።

ኦልጅራን ከውትድርና የሚያስለቅቀው መንገድ ካለ ይጠይቁ። እኔ ከዚህ የማደርገው አልቆብኛል። ሥዕሎቼን ለቬትናሟ ልጅ ሰጥቻለሁ፤ ሌላ የምሸክፈው ብዙ የለኝም።

የሻረግ

ልደታ፣ ሰኔ 4 ቀን 1977 ዓ.ም.

ልጄ የሻረግ፣

ይህ ከመነሣትሽ በፊት እንዲደርስሽ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለእናትሽ ነገርኳት። ስለ ልጁ ስነግራት አለቀሰች። ስለ ባዶ ወረቀቶቹ ስነግራት ግን እንባዋ ደረቀና አፍጥጣ አየችኝ። "ብርድ መትቶኛል ያለችውም አንተ ነህ?" አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀበሌ እየሄደች መሠረተ ትምህርት ትማራለች። እኔን የምታናግረኝ ቁርስና እራት ስታቀርብ ነው።

ስለ ኦልጅራ ጠይቄያለሁ። በውትድርና ላይ ያለ ሰው ለትምህርት አይለቀቅም። ደብዳቤዬንም አልመለሰም።

የትምህርት ቤትሽ ደብዳቤ ደርሷል፤ ቦታው የጊምቢ ነው ይላል። ኃላፊው በምትክሽ የሚሄደውን ተማሪ ደብዳቤ ረቂቅ በእጃቸው ጽፈው ሰጡኝ። "ጊምቢ አውራጃ" ብለው ከሥሩ የእኅታቸውን ልጅ ስም ጽፈዋል። ልጁን አውቀዋለሁ፤ ሰንጋ ተራ ተወልዶ ሰንጋ ተራ ያደገ ነው። ያን ሁሉ ከነገርኳቸው በኋላ ለእኔው ይሰጡኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ታይፑ ፊት ቁጭ አልኩ።

የጻፍኩት አዱኛ ኩምሳ ብዬ ነው። ያኔ ከኦልጅራ ቀጥሎ የነበረው ልጅ ነው፤ ስሙ ፊቴ ነበር ያልኩሽ። ለአውራጃው ስልክ ደውዬ አሁንም እዚያው እንዳለ፣ ስሙም በውትድርናው ጥሪ እንዳልወጣ አረጋገጥኩ። ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ቀላቅዬ አስገባሁት። ሳያነቡ ፈረሙ። ዛሬ በፖስታ ወጥቷል።

ሲያውቁ የሚሆነው ይሁን። ስትመጪ ቤት ካላገኘሽኝ ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

አባትሽ

ልደታ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1978 ዓ.ም.

አባባ፣

ጎሬ እንዴት ተቀበለችዎ? እዚያ ዝናቡ አያባራም ይላሉ። ሹራብዎን እማዬ አጥባ ልካለች። በአሥራ አንድ ቀን መተላለፋችን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እዚያ መስኮት ሄጄ ስጠይቅ "ለሥራው ጥቅም ተዛውረዋል" አሉኝ፤ በእርስዎ ወንበር አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ኃላፊዎ ሊከሱዎት ቢፈልጉም ሰባቱን ስም ሳያነሡ አይችሉም ነበር።

እኔ ሥራ አግኝቻለሁ። በከፍተኛችን አስተዳደር የቤት ቆጠራ ላይ ሜትር ይዤ አብነትን እየዞርኩ ነው። የሁለት ዓመት ትምህርቴን ለምን እንዳቋረጥኩ ሲጠይቁኝ እውነቱን እነግራቸዋለሁ። አንዳንዱ ይስቅብኛል። አንዲት ሴትዮ ግን የልጃቸውን ስም ነገሩኝ፤ እሱም እንደዚያው "የለም" ተብሎ ከመስኮት የተመለሰ ነው።

ሂርጳ ፖስት ካርድ ልኮልኛል። ሰላምታ የለበትም። "አዱኛ ደርሷል" ብቻ ይላል።

አሁን የምጽፍልዎትን ተቀምጠው ያንብቡት። ትናንት በስምዎ ደብዳቤ መጣ። ላኪው ኦልጅራ ኢታና ነው፤ የጦር ክፍሉ ቁጥር ከሥሩ አለ። እማዬ ከፖስተኛው ተቀብላ እኔ እስክመጣ ድረስ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛው ቆየች። ሁለታችንም ብዙ አገላበጥነው። አልከፈትነውም። እዚህ ውስጥ አድርጌ በአደራ ልኬልዎታለሁ።

ምን እንደጻፈልዎ ሊነግሩን አይገደዱም። ማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ጳጉሜን 2 ነው። ጳጉሜን 2 ቀን በሕይወት ነበር። ሳያድር መልስ ይጻፉለት።

የሻረግ